መስኮት ላይ ያለችው አዳኝ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዛሬዋ እንግዳችን ግን ሸረሪት ሆና ሳለ ለአደን ድር አትዘረጋም። አነጣጥራ፣ ርቀቱን ገምታ፣ በአንድ ዝላይ ዝንቧ ላይ ታርፋለች። በመስኮት ጠርዝ ወይም በግድግዳ ላይ ቆም እያለች፣ ዞር እያለች የምትሄድ አጭርና ጠጉራም ሸረሪት አይታችሁ እንደ ሆነ እርሷ ናት፤ ዘላይ ሸረሪት። ከ6,000 በላይ ዝርያዎች ስላሏት በሸረሪቶች ዘንድ የእርሷን ወገን በብዛት የሚስተካከለው የለም። ልጆቻችሁ ጮኸው ነጠላ ጫማ ከማንሳታቸው በፊት እናንተ ካሜራ አንሱ።

ችግሩ ብርሃን ነው። እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ነገር አቅርቦ ማንሳት ማክሮ ፎቶግራፍ ይባላል። ሌንሱን በጣም አስጠግታችሁ ሸረሪቷን በእውነተኛ መጠኗ ስታነሱ፣ ወደ ካሜራው የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። በዚያ ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ክፍል እጅግ ቀጭን ነው፤ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ ሲሆን 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ዓይኗ ሲጠራ እግሯ ይደበዝዛል። ቀዳዳውን ብታጠቡት ብዥታው ይቀንሳል፣ ነገር ግን ያለችውም ብርሃን ታልቃለች።

የሚያስገርመው፣ ለእኛ ራስ ምታት የሆነው ብዥታ ለእርሷ መለኪያዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የጃፓን ተመራማሪዎች በሞቃት አገሮች ቤት ውስጥ የምትገኘውን የአዳንሰንን ዘላይ ሸረሪት አጥንተው ነበር። ርቀትን የምትገምተው በዓይኗ ውስጥ በሚፈጠረው የብዥታ መጠን መሆኑን አሳዩ። በአረንጓዴ ብርሃን ያለመችውን ስትይዝ፣ በቀይ ብርሃን ግን ሳትደርስበት ትወድቃለች።

እኛ ግን ብርሃን ማምጣት አለብን። ፍላሽ ያለው ሰው ፊቱን በነጭ ወረቀት ወይም በስስ ነጭ ፕላስቲክ ይሸፍነው። ያልተሸፈነ ፍላሽ በሚያብረቀርቀው ዓይኗ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ነጭ ነጥብ ይተዋል፤ የተሸፈነው ለስለስ ይላል። ብልጭታው እጅግ አጭር ስለሆነ የእጅ መንቀጥቀጥንም ይደብቃል። ፍላሽ የሌለውም አይዘን። ስልክ ላይ የሚገጠም ትንሽ አጉሊ ሌንስ፣ የእጅ ባትሪና ከባትሪው ፊት የሚያዝ ነጭ ወረቀት ብዙ ይሠራሉ። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አስደግፉ። ፎከሱን አንድ ቦታ ላይ ተዉትና ካሜራውን ራሱን በጥቂት በጥቂቱ አስጠጉት። ከስምንቱ ዓይኖቿ የምትፈልጉት ሁለቱን ትልልቅ የፊት ዓይኖች ነው። ሳትቸኩሉ ከቀረባችሁ ዞር ብላ ትመለከታችኋለች፤ ያን ጊዜ አንሱ።

አንዳንዶች እንዳትንቀሳቀስ ብለው ፍሪጅ ውስጥ ይከቷታል። እኔ በዚህ አልስማማም። በብርድ ደንዝዛ እግሯን የሰበሰበች ሸረሪት ማንንም አታይም፤ ፎቶውም ያንኑ ይናገራል። ደግሞም ልጆች አጠገባችሁ ቆመው እያዩ ነው። ለአንድ ፎቶ ሲባል ነፍስ ያለውን ነገር ማሠቃየት እንደሚቻል ከአባትና ከእናታቸው ባይማሩት ይሻላል።

በጨለማ ማንሳት የሚሻ የሌሎችን ዘዴ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2022 በጀርመን የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ዳንዬላ ሮስለርና ባልደረቦቿ፣ በክር ተንጠልጥለው የተኙ ትንንሽ ዘላይ ሸረሪቶችን ሌሊት በኢንፍራሬድ ካሜራ ቀረጹ። የሕፃናቱ ገላ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የዓይናቸው ውስጠኛ ክፍል በእንቅልፍ ላይ ሲንቀሳቀስ ታየ፤ ሰው ሕልም ሲያይ ዓይኑ እንደሚንቀሳቀሰው ማለት ነው። ሸረሪት በእርግጥ ሕልም ታይ እንደ ሆነ ግን ገና አልተረጋገጠም። እናንተም ማታ በክሯ ተንጠልጥላ ካገኛችኋት ፍላሹን ተዉት። ጠዋት ፀሐይ መስኮቱን ስትነካው እዚያው አካባቢ ፈልጓት።