ክርስቶስ ሠምራ ስትጠይቅ ጻድቅ፣ እኛ ስንጠይቅ መናፍቅ?



ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን «ሲኦልን ለማጥፋት የተነሡ» ስላላቸው ሰዎች የጻፈውን ሳታነቡት አልቀራችሁም። በምግብ ቤቱም በመኝታ ቤቱም ሳምንቱን ሙሉ ወሬው እሱ ነበር። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ሦስት ነው። አንደኛ፣ «በመጨረሻ ሰው ሁሉ ይድናል» የሚለው ተስፋ ፈረንጆች ትናንት የፈጠሩት ነው፤ ሁለተኛ፣ ነገሩ በአባቶች ተወግዞ ያለቀ ስለ ሆነ የሚጠይቀው ሁሉ መናፍቅ ነው፤ ሦስተኛ፣ የዘለዓለም እሳት ከሌለ ፍርድ የለም፣ ፍርድ ከሌለ ደግሞ ሰው አውሬ ይሆናል። እኔም በበኩሌ ሦስቱንም በተራቸው እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አስታውቃለሁ።

የፈረንጅ ፈጠራ ነው ስለ ተባለው። ይኸን ተስፋ አስቀድሞ በሰፊው የጻፈው ኦሪጀን ይባላል። የተወለደው በ185 ገደማ በእስክንድርያ ነው፤ ከፍሬምናጦስ ጀምሮ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ጳጳስ ስትልክልን በኖረችው በእስክንድርያ። አባቱ ስለ ክርስትናው ተገድሏል። እሱም ራሱ በንጉሥ ዳክዮስ ዘመን በእስር ቤት ብዙ ተሠቃይቶ፣ ከተፈታ በኋላ ብዙ ሳይቈይ ሞተ። እንግዲህ ስለ ምሕረት የጻፈው በሞቀ ወንበር ላይ ተቀምጦ አልነበረም። እግዚአብሔር በመጨረሻ በሁሉ ዘንድ ሁሉ ይሆናል የሚለውን የጳውሎስን ትምህርት (1ኛ ቆሮንቶስ 15) ይዞ፣ የፍጥረት ፍጻሜው ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው አለ። በዲያብሎስ ነገር ግን ቃሉ አንድ ወጥ አይደለም፤ ዲያብሎስ ይድናል አላልሁም ብሎ የተከራከረበትም ጊዜ አለ።

ከእሱ ይልቅ በግልጽ የተናገረው የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ነው። ይኸ አባት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረ፣ የቅዱስ ባስልዮስ ወንድም ነው። ወርቅ ሠሪ ወርቁን እሳት ውስጥ የሚያስገባው ወርቁን ጠልቶ ሳይሆን ከወርቁ ጋራ የተቀላቀለውን ቆሻሻ ጠልቶ እንደ ሆነ፣ የእግዚአብሔርም እሳት እንዲሁ ነው ብሎ አስተማረ። ክፋቱ የበዛ ሰው ብዙ ይቃጠላል፣ ያነሰው ጥቂት ይቃጠላል፤ መጨረሻው ግን መጥራት ነው። ክፋትን የፈለሰፈው እሱ ራሱ እንኳ ሳይቀር ይፈወሳል እስከ ማለት ደርሷል። ለመሆኑ ይኸ ሰው ማን ነው? ከቤተ ክርስቲያናችን 14 ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው አይደለምን? ወንድማችን ቅዳሴው ሲደርስ ቆሞ ያስቀድሳል፤ ትምህርቱን ሲሰማ ግን የፈረንጅ ነው ይለናል።

ተወግዟል ስለ ተባለው። እዚህ ላይ እውነቱን መሸሸግ አልፈልግም፤ ተወግዟል። ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ በ543 በኦሪጀን ትምህርት ላይ ዐዋጅ አወጣ፤ በ553 ቍስጥንጥንያ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤም የኦሪጀንን ስም ከመናፍቃን ጋራ ጻፈው። «ይኸ ከኬልቄዶን በኋላ የተደረገ ጉባኤ ነው፤ እኛ የምንቀበለው የ325ን፣ የ381ንና የ431ን ብቻ ነው» ብዬ ባመልጥ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን የእስክንድርያው ቴዎፍሎስ ራሱ አስቀድሞ በ400 የኦሪጀንን ትምህርት ስላወገዘ በዚያ በር አልወጣም።

የምለው ሌላ ነው። በዩስጢንያኖስ ዘመን የተወገዘው፣ ነፍሳት ከሥጋ በፊት በሰማይ ነበሩ፣ ሰልችቷቸውም ወደቁ ከሚለው ፍልስፍና ጋራ የተጣበቀው ትምህርት ነው። ያን ፍልስፍና ትቶ የሁሉን መዳን ያስተማረው ጎርጎርዮስ ግን ያን ጊዜም ከዚያም በኋላ አልተወገዘም፤ እስከ ዛሬ በምሥራቅም በምዕራብም ቅዱስ ይባላል። ጉዳዩ ተቈርጦ ያለቀ ቢሆን ኖሮ ይኸ እንዴት ይሆናል? ደግሞም የዘለዓለም እሳትን በዐዋጅ ያስከበረው ንጉሠ ነገሥት ማን እንደ ነበረ አንርሳ። በ532 ሕዝቡ በዋና ከተማው ቢያምፅበት፣ በፈረስ መጋለቢያው ሜዳ ውስጥ ዘግቶ 30,000 ያኽል ሰው ያሳረደ ነው። ይኸንን የጻፈልን የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፕዮስ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የዘለዓለም እሳት ያስፈልገው ነበር፤ ለራሱ ሳይሆን ለሌላው።

በምዕራብም በኩል ያየን እንደ ሆነ፣ የዘለዓለምን ቅጣት ከሁሉ አጥብቆ የተከራከረለት አውግስጢኖስ በዘመኑ እጅግ ብዙ ክርስቲያኖች ይኸን እንደማይቀበሉ በራሱ ብዕር መስክሯል። «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ 21ኛውን ክፍል የጻፈው አንድም እነሱን ለመርታት ነው። ሞኝ ካልሆነ በቀር ጠላት በሌለበት ጦር የሚሰብቅ የለም። ከሁሉ የጠነከረውም ማስረጃው ይኸ ነው፦ በማቴዎስ 25 ስለ ቅጣቱና ስለ ሕይወቱ የተነገረው ቃል አንድ ስለ ሆነ፣ ቅጣቱ የሚያልቅ ከሆነ ሕይወቱም ያልቃል። ጠንካራ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን የግሪኩ ቃል የተወለደው «ዘመን» ከሚለው ቃል ነው። በግዕዝም «ዓለም» ስንል አንድ ጊዜ ይኸን የምናየውን ዓለም፣ አንድ ጊዜ ዘመንን፣ አንድ ጊዜ ማለቂያ የሌለውን ማለታችን ነው። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ክርክሩን አይቈርጠውም፤ ለእኔም ለወንድማችንም አይፈርድም።

ይልቁንስ የማቴዎስን 25 ለሚጠቅሱልን ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። በዚያ ምዕራፍ ሰዎቹ የተፈረደባቸው በምን ነበር? ስለ ሃይማኖት ክርክር አልተጠየቁም። የተራበ አላበላችሁም፣ የታረዘ አላለበሳችሁም፣ የታሰረ አልጠየቃችሁም ተባሉ እንጂ። በአውቶቡስ መጠበቂያ ድምፅ ማጉያ ተክለው ሥራ ፈላጊውን «ትቃጠላለህ» የሚሉት ሰዎች፣ ያ ሰው ቍርሱን በልቶ እንደ ሆነ ጠይቀውት ያውቃሉ? እሳቱን ከምዕራፉ ወስደው ዳቦውን እዚያው ትተውታል።

አሁን ወደ ገዛ ቤታችን እንግባ። ይኸ ክርክር በግዕዝ መጻሕፍታችን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ይኖራል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተገኘው በእኛ ቋንቋ ብቻ ነው። በዚያ መጽሐፍ የወደቁት መላእክት ሄኖክን ማልደው ልመናቸውን ወደ እግዚአብሔር ላኩ፤ ልመናቸውም ተመለሰ፣ ምሕረት የለም ተባሉ። ይኸ አንደኛው ድምፅ ነው፤ የወንድማችን ድምፅ ነው።

ሁለተኛው ድምፅ የሴት ድምፅ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበረችው፣ የቡልጋዋ ተወላጅ እናታችን ክርስቶስ ሠምራ፣ ገድሏ እንደሚለው አገልጋይዋን ተቈጥታ የእሳት ትንታግ አፏ ውስጥ ከትታ ገድላት ነበር። ልጅቱ በጸሎት ብትነሣላት ባልና ሀብቷን ትታ መነነች፤ በመጨረሻም በጣና ሐይቅ በጓንጉት ተቀመጠች። ይኽች ሴት ጌታን የለመነችው ምን ብላ ነው? ዲያብሎስን ማርልኝ፣ ከአንተ ጋራ አስታርቅልኝ ብላ። የአዳም ልጆች የሚጠፉት በእሱ ጠንቅ ነውና እሱ ቢታረቅ ሁሉም ያርፋሉ ብላ። እዚህ ላይ ልብ አድርጉ፤ ጌታ አልተቈጣትም፣ መናፍቅም አላላትም። ሂጂ፣ እሺ ካለሽ አምጪው አላት፤ ሚካኤልንም አብሮ ላከላት። ዲያብሎስ ግን ዕርቅ ሲሉት እጇን ይዞ ወደ ሲኦል ጐተታት። ሚካኤል በሰይፉ አዳናት፤ ስትወጣም ብዙ ነፍሳት እሷን ተጣብቀው ወጡ።

ይኸን ታሪክ የምናከብረው ነሐሴ 24 ነው፤ በስሟም ታቦት ተቀርጾላታል። እንግዲህ ወንድማችንን እጠይቀዋለሁ። የዲያብሎስን መዳን የጠየቀችውን ሴት ጻድቅ ብለን ከሳምን፣ የሰው ልጆችን መዳን የሚጠይቀው ተማሪ በምን ሕግ መናፍቅ ይሆናል? ዲያብሎስ እንቢ ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን በገድሉ ውስጥ በሩን የዘጋው እግዚአብሔር አልነበረም።

ሌላም ልጨምር። ለሞተ ሰው በሰባቱ፣ በአርባው፣ በሰማንያው የምንጸልየው ለምንድር ነው? የገበሬ መበለት የቀረቻትን አንዲት በሬ ሸጣ ተዝካር ስታወጣ ማንም «በሩ ተዘግቷል፣ በሬሽን ይዘሽ ተመለሺ» አይላትም። በሩ የተዘጋ ከሆነ ማንኳኳቱ ማታለል ነው፤ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ «ተቈርጦ ያለቀ ነገር» የሚባለው ሐሰት ነው። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ።

ስለ ፍርድ። ይኸ ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ ወንድማችንም እውነተኛ ነገር የተናገረው እዚህ ላይ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1977ና በ1978፣ ልጇ በመንገድ ላይ ተረሽኖ የተጣለባት እናት ከገዳዩ ጋራ በአንድ ማዕድ ትቀመጣለች ማለት ነው? ይላል። እኔም የበላዔ ሰብን ሥዕል ባየሁ ቍጥር ይኸው ያሳስበኛል። 78 ሰው የበላው ሰው ስለ አንዲት ጥርኝ ውሃ በእመቤታችን ጥላ ሚዛኑ ደፋለት፤ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረትን ስናከብር ይኸን እንሰማለን። ግን ሰባ ስምንቱን የጠየቃቸው ማን ነው? ምሕረት ማለት ባለሥልጣኑ የነጠቀውን ሳይመልስ፣ የገደለውን ሳያምን በጓሮ በር መግባት ከሆነ፣ እኔም ከወንድማችን ጋራ ቆሜ እቃወመዋለሁ። እንዲህ ያለው ርካሽ ምሕረት የጨቋኞች ትራስ ነው።

ነገር ግን እኛ የምንለው እንዲያ አይደለም። የጎርጎርዮስ እሳት ጨዋታ አይደለም። ገዳዩ የሠራውን ነገር በሙሉ ዐይኑ አይቶ፣ ያች እናት ያለቀሰችውን ሁሉ በነፍሱ ተቀብሎ፣ ክፋቱ እስከ ሥሩ እስኪነቀል ድረስ ነው። ከዚህ የባሰ ፍርድ ምን አለ? ይልቅ ማለቂያ በሌለው እሳት ውስጥ የተጣለ ሰው ለዘለዓለም ያው ገዳይ ሆኖ ይቀራል፤ ክፋቱም አብሮት ለዘለዓለም ይኖራል። እንግዲህ ክፋትን ዘለዓለማዊ ያደረገው ማን ነው? እኛ ወይስ እሱ?

በዘመናችንም ይኸን ያነሡት ሰዎች የሚቀልዱ አይደሉም። የስዊሱ ካቶሊካዊ ሊቅ ሃንስ ኡርስ ፎን ባልታዛር በ1986 ያሳተመው፣ ሁሉ ይድናል ብለን እርግጠኛ መሆን ባንችልም ተስፋ ማድረግና መጸለይ ግን ይገባናል የሚል ነው። የአሜሪካው ኦርቶዶክስ ዴቪድ ቤንትሌይ ሃርት በ2019 ከዚህ አልፎ፣ አንድ ፍጥረት እንኳ ለዘለዓለም ቢጠፋ ፈጣሪ ቸር ነው ማለት አይቻልም ብሎ ተከራከረ። የቱልሳው ጴንጤቆስጣዊ ጳጳስ ካርልተን ፒርሰን በቴሌቪዥን የሩዋንዳን ስደተኞች ሲያይ፣ እነዚህ ከዚህ ሥቃይ ወጥተው ወደ ሌላ እሳት ይገባሉን? ብሎ ልቡ ተሰበረ። ይኸን ስላስተማረ በ2004 የአፍሪካ አሜሪካውያን ጴንጤቆስጣውያን ጳጳሳት ጉባኤ መናፍቅ አለው፤ በሺህ የሚቈጠር ምእመን የነበረው ቤተ ክርስቲያኑም ባዶ ቀረ። በ2023 እስኪሞት ድረስ ግን ቃሉን አላጠፈም። እኔ በበኩሌ ከባልታዛር ጋራ ነኝ፤ ዐውቃለሁ አልልም፣ ተስፋ አደርጋለሁ።

ይኸን ሁሉ የምጽፈው ስለ ክርክር ፍቅር አይደለም። እናቴ ከእኔ በኋላ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ልጅቱ በ74ኛ ቀኗ፣ ለሰማንያዋ ስድስት ቀን ሲቀራት በድንገተኛ ሕመም ሞተች፤ ካህን ለመጥራትም ጊዜ አልተገኘም። ለቅሶ የመጣ አንድ ሰው፣ ስሙን አልጠራም፣ «ያልተጠመቀች ናትና ብርሃን አታይም» አላት። ሰውየው ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። እናቴ ግን ያን ቃል እስከ ዛሬ ተሸክማዋለች፤ ሌሊት ስትነሣ ለማን እንደምትጸልይ ዐውቃለሁ። ወንድሜ ሆይ፣ በወረቀት ላይ «ተቈርጦ ያለቀ ነገር» ብለህ የጻፍኸው በእናቴ ጆሮ ይኸን ይመስላል።

ጓደኞቼ፤ የምንጠይቀው ሲኦል ይፍረስ ተብሎ በተማሪዎች ማኅበር ድምፅ እንዲሰጥበት አይደለም። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማንም ሰው እሳትን የድኻ ማስፈራሪያ፣ ምሕረትን የባለጠጋ መጠጊያ አያድርግ። ሁለተኛ፣ ክርስቶስ ሠምራ በጌታ ፊት የጠየቀችውን እኛም በአዳራሻችን በነጻነት እንጠይቅ። ወንድማችን መልስ ካለው በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ በአደባባይ መከራከርም ከወደደ ቀኑን ይቍረጥ፣ እኔ እገኛለሁ። እስከዚያው ግን እናቴን «ጸሎትሽን ተዪ» የምላት እኔ አይደለሁም።