የመደርደሪያው ዋጋ እና የተላከችው እህታችን



በአል ሪም ደሴት የምትኖሩ ወይም በዚያ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ሁሉ ርእሱን አይታችሁ ፈገግ ሳትሉ አትቀሩም። ስለ ሱፐርማርኬት ደግሞ ምን ይጻፋል? ይሁን እንጂ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቅዱስ ዮሴፍ ካቴድራል ግቢ ቆመን ስንጨዋወት ከቤት ኪራይና ከቪዛ ቀጥሎ የሚነሣው ይኸው ነው፤ ላዩ ቀይ ሆኖ ሥሩ የሻገተ እንጆሪ፣ በገዙት ማግስት የሚጠቁር ሰላጣ፣ ረጅም ሰልፍ ቆሞ ሳለ አንድ መክፈያ ብቻ የሚከፈትበት ምሽት።

ደሴቱ ከዋናው የአቡ ዳቢ ከተማ በድልድይ የተያያዘ፣ ሕዝቡም በረጃጅም ፎቆች ላይ የሚኖርበት ነው። መኪና የሌለው ሰው ከሕንፃው ሥር ያለችውን ሱቅ ይዞ ይኖራል። ሪም ሞል በ2023 ከተከፈተ ወዲህ ምርጫው ሰፍቷል፤ ነገር ግን በነሐሴ ቀትር ወተትና ሥጋ ተሸክሞ በእግር የሚመለስ ማን ነው? ደንበኛው ሌላ መሄጃ እንደሌለው የሚያውቅ ነጋዴ ደግሞ በየትም አገር አንድ ነው።

በሾላ ገበያ ሽንኩርቱን እያገላበጣችሁ ትመርጣላችሁ፤ በዋጋው ትከራከራላችሁ፤ በመጨረሻም ሻጭዋ ምራቂ ትጨምርላችኋለች። እዚህ ሁሉም ታሽጎ ይቀርባል፤ የሚከራከሩትም ሰው የለም። እውነቱን ለመናገር ይህ አገር አብዛኛውን ምግቡን ከውጭ የሚያስገባ ነውና የጠወለገ ቅጠል ሁሉ የነጋዴ በደል አይደለም። የመደርደሪያው ዋጋ ከመክፈያው ዋጋ ሲለይ ግን ሙቀቱን ልናመካኝ አንችልም።

ባለፈው ጊዜ በሰፈሬ ካለች አንዲት ሱቅ የሱፍ ዘይት አነሣሁ፤ ወረቀቱ 16 ድርሃም ከ50 ይላል። መክፈያው ላይ 21 ሆነ። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ በገንዘብ ተቀባይዋ ላይ ጮኽኩ። እርሷም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዋጋውን የማስገባው እኔ አይደለሁም፤ ማታ ሒሳቡ ከጎደለ ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለችኝ። እርሷም እንደ እኛ አገሯን ትታ የመጣች ናት።

ቤት ገብቼ ያሰብኩት ግን ስለ እርሷ ብቻ አልነበረም። በአሠሪዋ ገንዘብ ወደዚያው ሱቅ የምትላከውን እህታችንን አሰብኩ። አራት ድርሃም ከሃምሳ ለእኔ ብስጭት ነው፤ ለእርሷ ግን ጥርጣሬ ነው። እመቤቲቱ ቀድሞ በ16 ከ50 መግዛቷን ታስታውሳለች። የሻገተው እንጆሪም ቤት ሲደርስ «ዐይን የለሽም ወይ?» የምትባለው እርሷ ናት። የሱቁ ጥፋት ከስሟ፣ አንዳንዴም ከደመወዟ ይቆረጣል። ነገሩ የጨዋታ ርእስ ሆኖ መቅረት የለበትም የምለው ስለዚህ ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክቶስ 16ኛ በ2009 ባወጡት «ካሪታስ ኢን ቬሪታቴ» በተሰኘው ዐዋዲ መልእክታቸው፣ መግዛት የኢኮኖሚ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባርም ተግባር መሆኑን አስተምረዋል። እኔ ይህን የምረዳው ቁጣችንን ለማን እንደምናቀርብ ጭምር ነው። ገንዘብ ተቀባይዋን ተቆጥቶ፣ ለሥራ አስኪያጁ ግን አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ መውጣት ድፍረት አይደለም።

መብቱ ደግሞ አለ። የ2020ው የአገሪቱ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። «ልዩነቱ ታክስ ነው» ቢሏችሁ አትቀበሉ፤ ከ2018 መባቻ ጀምሮ የሚከፈለው 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በሚለጠፈው ዋጋ ውስጥ መካተት አለበት። ከጃንዋሪ 2 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብም ዘጠኝ መሠረታዊ ሸቀጦች፣ ማለትም የምግብ ዘይት፣ እንቁላል፣ የወተት ውጤቶች፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ዶሮ፣ ጥራጥሬ፣ ዳቦና ስንዴ፣ ያለ መንግሥት ቅድመ ፈቃድ ዋጋቸው እንዳይጨመር ያዛል።

ስለዚህ የምትላኪ እህቴ ሆይ፣ ዕቃውን ከማንሣትሽ በፊት የዋጋውን ወረቀት በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ደረሰኙንም ሳትቀበዪ አትውጪ። የተበላሸውን በዚያው ቀን መልሺ። ሥራ አስኪያጁ አልሰማ ካለ በአቡ ዳቢ መንግሥት የጥሪ ማዕከል፣ በ800555፣ ማመልከት ይቻላል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፤ የሠራተኞችን ፊት አንሥቶ ከሱቁ ስም ጋር በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ በዚህ አገር ሕግ ራስሽን ሊያስከስስ ይችላል። ፎቶው የወረቀቱ ብቻ ይሁን።

«እኛ ስደተኞች ነን፤ ተናግረን ምን እናመጣለን?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፍርሃታችሁን አልንቀውም፤ ኑሮው በአሠሪ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ለዚህም ነው ቤተሰብ ይዛችሁ የምትኖሩና የተሻለ ሥራ ያላችሁ ቀድማችሁ መናገር ያለባችሁ። ሠራተኛ ቀጥራችሁ የምታኖሩም እንደ ሆነ፣ ሒሳቡ ሳይገጥም ሲቀር ልጅቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ወርዳችሁ መደርደሪያውን እዩ።

እኔ በማግስቱ ተመልሼ ሥራ አስኪያጁን አነጋገርኩ፤ ገንዘቡን መለሰልኝ፣ ወረቀቱም እንደሚስተካከል ነገረኝ። በሳምንቱ ሳልፍ ያው 16 ከ50 የሚለው ወረቀት እዚያው ተለጥፏል። ደግሜ አስጠራሁት።