ያረጀው እንጆሪ ይዛወር ወይስ ይተካ?

ቤት ሲለቀቅ ዕቃው ተጭኖ ይሄዳል፤ ጓሮው ግን ይቀራል። ተክሉን የተከሉት እናት ወይም አባት ሲሆኑ ደግሞ ትቶ መሄዱ ይከብዳል። አሰላ ካለው ግቢዎ ጥግ የቆየ እንጆሪ ካለና ቤቱ ሊሸጥ ወይም ቦታው ላይ ሰርቪስ ቤት ሊሠራ ከሆነ፣ ክረምቱ ሳይገባ መልስ የሚሻ ጥያቄ አለብዎት፦ ነቅሎ ማዛወር ይሻላል ወይስ አዲስ መትከል?

በቅድሚያ ስሙን እናጥራ። ከተማ ውስጥ እንጆሪ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መሬት ላይ የሚሳበውን ስትሮቤሪ ነው። የዛሬው ጉዳያችን ግን በዘንግ ላይ የሚያፈራው ራስቤሪ ነው። በአርሲ ደጋ ከየቁጥቋጦው የሚለቀመው፣ በኦሮምኛ «ጎራ» የሚባለው የዱር እንጆሪ የቅርብ ዘመዱ ነው።

የራስቤሪ ሥር ለዓመታት ይኖራል፤ የዘንጉ ዕድሜ ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነው። አብዛኛው ዓይነት በመጀመሪያው ዓመት ያድጋል፣ በሁለተኛው አፍርቶ ይደርቃል። ስለዚህ የደረቀ ዘንግ ስላዩ ብቻ «አርጅቷል» ብለው አይፍረዱበት። አፍርተው የጨረሱትን ከመሬት እኩል ይቁረጡ። ከቀሩት ጠንካሮቹን፣ በአንድ ሜትር ርዝመት ከ10 እስከ 12 ያህል ብቻ ይተዉና ሥሩን የበሰበሰ ፍግ ያልብሱት። ያረጀ የሚመስል ተክል በዚህ ብቻ የሚነቃበት ጊዜ አለ። ያኔ ማዛወርም መተካትም አያስፈልግዎትም።

ቦታውን መልቀቅ ግድ ከሆነ ግን አስቀድመው ጤናውን ይመርምሩ። ቅጠሉ በቢጫ ተዥጎርጉሮ ተጨማዷል? ዘንጉ ከዓመት ዓመት እያጠረና እየቀጠነ ነው? ፍሬው ሲለቀም ይፈረካከሳል? እነዚህ ምልክቶች አንድ ላይ ከታዩ ቫይረስ ይጠርጥሩ። ክሽክሽ ከተክል ወደ ተክል ያዛምተዋል፤ ከያዘው በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ሥሩ ላይ እባጭ ካለ ወይም ሥሩ ጠቁሮ ከበሰበሰም ተክሉን ይዞ መሄድ ትርፉ ድካም ነው።

ከሥሩ ዳርና ዳር የሚወጣው የጎን ቡቃያ ከፍሬ ዘር የበቀለ አዲስ ልጅ አይደለም፤ ራሱ የእናት ተክሉ አካል ነው። ስለዚህ እናትዎ የተከሉትን ይዘው መሄድ ከፈለጉ ግንዱ የደነደነውን አሮጌ ጉቶ መንቀል አያስፈልግዎትም፤ ጉቶው ቢዛወርም በቀላሉ አያገግምም። ሥር ያወጣ ወጣት ቡቃያ ከወሰዱ የወሰዱት ያንኑ ተክል ነው። ነገር ግን በዚሁ ምክንያት የእናቱ በሽታ ከቡቃያው ጋር አብሮ ይጓዛል። እንግዲህ ውሳኔው ይህ ነው፦ ጤነኛ ከሆነ ቡቃያውን ያዛውሩ፤ ከታመመ ነቅለው ያቃጥሉትና ጤነኛ ችግኝ ሌላ ቦታ ይትከሉ።

ቦታ ሲመርጡ ድንች፣ ቲማቲም ወይም በርበሬ በቅርብ ዓመታት የበቀለበትን መደብ ይተዉት፤ የሚያጠወልግ የአፈር በሽታ ለራስቤሪውም ይተላለፋል። ድንች በማይጠፋበት የአርሲ ጓሮ ይህ ቀላል ምክር አይደለም። ገብስ ወይም ሽንኩርት የነበረበት መደብ ይሻላል። ውኃ የሚያቁር ዋልካ ሥሩን ያበሰብሰዋልና መደቡን ከፍ ያድርጉት። ውርጭ የሚተኛበትን ረባዳ ቦታም ይሽሹ።

ቡቃያው የሚነቀለው ዝናቡ ሲጸና፣ ደመናማ ቀን ወይም ወደ ማታ ነው። ሥሩን ከነአፈሩ በእርጥብ ጆንያ ይጠቅልሉ፤ ነፋስ እንዳያገኘው። ሲተክሉ በመካከላቸው ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይተዉ፤ ዘንጉን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው ይቁረጡት። መቁረጡ ያሳሳል፤ ግን ተክሉ ጉልበቱን ወደ ሥሩ እንዲያውል ይረዳዋል።

የሚሄዱበትንም ያስቡ። አዲስ አበባ በከፍታ ከአሰላ ብዙ ስለማትርቅ ተክሉ ሊለምዳት ይችላል። አዳማ ግን በከፍታ ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት፤ ብርድ ለሚወድ ተክል አትመችም። ወደዚያ የሚሄዱ ከሆነ ቡቃያውን ደጋ ለሚኖር ዘመድ ቢሰጡት ይተርፋል።

አሮጌው ረድፍ ጤነኛ ከሆነና ጊዜ ካለዎት ደግሞ በአንድ ክረምት ሁሉንም አይንቀሉ። አዲሱ እስኪያፈራ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ እስከዚያ ልጆቹ ከአሮጌው ይልቀሙ።