የቲማቲም ሳጥን ልክ ይኑረው

አርሶ አደሩ ዘር አፍልቶ፣ ችግኝ አዛውሮ፣ ውሃ ስቦና ተባይ ተከላክሎ ያደረሰው ቲማቲም ከማሳ ሲለቀም ሥራው ያለቀ ይመስላል። ምርቱ ሙሉ ዋጋ የሚያወጣው ግን ከተጠቃሚው እጅ በደኅና ሲደርስ ነው። በማሳና በገበያ መካከል ተጨፍልቆ የሚቀር ቲማቲም የወራት ድካም፣ የነዳጅና የማዳበሪያ ወጪ ይዞ ይጠፋል። ስለዚህ ምርቱ የሚጫንበት ዕቃ ጉዳይ እንደ ቀላል ነገር ሊታለፍ አይገባም።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ከሚመረተው ምግብ 14 በመቶ ያህሉ ከመኸር በኋላ ችርቻሮ ገበያ ሳይደርስ እንደሚባክን ገምቷል። ይህ የሁሉም ዓይነት ምግብ ድምር ነው። ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ የሆነው ቲማቲም እንደ እህል ደርቆ በጎተራ የሚቀመጥ ባለመሆኑ ለጉዳት ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

በመቂና በባቱ አካባቢ በመስኖ የሚለማው ቲማቲም በእንጨት ሳጥን እየተሞላ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ከባቱ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ጉዞው ረጅም የሚባል አይደለም። ይሁን እንጂ ጭነቱ አስፋልት ከመድረሱ በፊት በማሳ ውስጥ ያለውን ኮረኮንች መንገድ ማለፍ አለበት። ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ባልተላገ ጣውላ የተሠራው ሳጥን በእያንዳንዱ መንገጫገጭ የቲማቲሙን ልጣጭ ይፍቃል። ወደ ውስጥ የወጣ የሚስማር ጫፍ ይወጋዋል። ሳጥኑ ከአፉ በላይ ተቆልሎ ከተሞላ ደግሞ የላይኛው ሳጥን የሚያርፈው በታችኛው ሳጥን ጣውላ ላይ ሳይሆን በቲማቲሙ ላይ ይሆናል።

የቆሰለው ቲማቲም ጉዳት በራሱ ብቻ አያበቃም። ቲማቲም ከተለቀመም በኋላ ይተነፍሳል፤ ሙቀትና እርጥበትም ያወጣል። ሲቆስል ደግሞ ኢትሊን የተባለውን የሚያበስል ጋዝ በብዛት ስለሚለቅ በአጠገቡ ያሉትን ያለጊዜያቸው ያበስላቸዋል። ጭማቂው ወደ ታች ሲወርድ ሻጋታ ይከተላል። ጠዋት ደኅና ሆኖ የተጫነ ሳጥን ለቸርቻሪው ሲገለበጥ ግማሽ ልብ የሚያሰኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ሳጥኑ ለምን ይቆለላል የሚለው ጥያቄ መነሣት አለበት። መልሱ ያለው በአለካኩ ላይ ነው። ዋጋው በኪሎ ሳይሆን በሳጥን ሲነገር ገዢው በአንድ ሳጥን ብዙ ማግኘት ይፈልጋል። ሳጥኑ ይተልቃል፤ ቁልሉም ይጨምራል። እህል በቁና ሲሰፈር ቁልሉ የለጋስነት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ጤፍ ቢቆለል አይጨፈለቅምና። በቲማቲም ላይ ግን ቁልሉ አርሶ አደሩን ያለ ዋጋ ትርፍ ያስሰጠዋል፤ ነጋዴውም በነፃ ያገኘው የመሰለውን ትርፍ በመንገድ ላይ ይጨፈልቅበታል። በመጨረሻም የጠፋው ሁሉ በደኅናው ላይ ተደምሮ ከሸማቹ ኪስ ይወጣል። በዚህ አሠራር የሚጠቀም ወገን የለም።

ለምርቱ የሚስማማውን መያዣ መምረጥ ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እናቶች ቅቤውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ እንቁላሉን በጭድ መካከል ደርድረው ገበያ ያወጣሉ። እህሉ በአቁማዳ፣ ማሩ በሸክላ ሲጓጓዝ ኖሯል። እያንዳንዱ መያዣ የተመረጠው የዕቃው ጠባይ ታይቶ ነው። «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬም ሽንኩርት ከአንገቱ ደርቆ አየር በሚያስገባ የመረብ ከረጢት ቢጓጓዝ ይስማማዋል። ድንች ብርሃን ሲነካው ስለሚያረንጉድ ብርሃን የማያሳልፍ፣ አየር ግን የማይከለክል ጆንያ ይሻለዋል። ቲማቲም የሚፈልገው ደግሞ ጥልቀት የሌለው፣ ውስጡ የለሰለሰ፣ ጎኑ ቀዳዳ ያለውና ሲደረደር ክብደቱን በራሱ ግድግዳ የሚሸከም ሳጥን ነው።

ለዚህ የሚመቸው የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ይታጠባል፤ እንደ እንጨት እርጥበት መጥጦ የበሽታ ዘር ከአንዱ ጭነት ወደ ሌላው አያሸጋግርም፤ ደጋግሞም ያገለግላል። ችግሩ ሲገዛ ውድ መሆኑና ሄዶ እንዳይቀር የሚያሰጋ መሆኑ ነው። ይህም ቢሆን መፍትሔ አለው። የቢራና የለስላሳ መጠጥ ሳጥንና ጠርሙስ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ፋብሪካ የሚመለሰው የተረከበው ሰው መያዣ ገንዘብ ስለሚያስይዝ ነው። የአትክልት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖችም ሳጥኑን በጋራ ገዝተው፣ ምልክት አድርገውበት፣ በመያዣ ገንዘብ ቢያስረክቡ ንብረታቸው ተመልሶ ይመጣል። ባዶ ሲሆኑ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ ሳጥኖች ቢመረጡ የመመለሻው ጭነትም ይቀልላል።

ይህ እስኪሆን ድረስ በእንጨቱም ሳጥን ብዙ ማሻሻል ይቻላል። ጣውላውን መላግ፣ የሚስማሩን ጫፍ መቀልበስ፣ ውስጡን በንጹሕ ወረቀት መሸፈን፣ ከአፉ ጥቂት አጉድሎ መሙላት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ሰው ብቻውን ሊያነሣ የማይችለው ሳጥን ከመኪና ላይ ስለሚወረወር ክብደቱ ከ25 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል። ቲማቲሙም በጠዋቱ ቅዝቃዜ ተለቅሞ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ የቆሰለው ከደኅናው ተለይቶ መሞላት አለበት። ለሩቅ ገበያ የሚሄደው ፈጽሞ ሳይቀላ፣ መቅላት ሲጀምር ቢለቀም መንገዱን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን ሽያጩ በሚዛን ይሁን። ቲማቲም በኪሎ እስካልተሸጠ ድረስ የተሻለው ሳጥንም ቢመጣ መቆለሉ አይቀርም። ማኅበራት በማሳው ዳር ሚዛን ሊያቆሙ፣ የግብርና ባለሙያዎች ስለ ዘርና ማዳበሪያ እንደሚያስተምሩት ሁሉ ስለ አሞላልና አጫጫን ሊያስተምሩ፣ ልክና መመዘኛ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶችም የሳጥኑን መጠን ሊወስኑና ሊያስከብሩ ይገባል። ነጋዴውም በሚዛን የገዛውን ምርት በደኅና ማድረስ የራሱ ጥቅም መሆኑን ሊያጤን ያስፈልጋል።

ምርትን ለማሳደግ መሬትና ውሃ፣ ዘርና ጉልበት ይጠይቃል። የተመረተውን ከብክነት ማዳን ግን ተጨማሪ ማሳ አይፈልግም፤ የሚፈልገው የተላገ ጣውላ፣ ልክ ያለው ሳጥንና እውነተኛ ሚዛን ነው። አርሶ አደሩ ከመሬቱ ያገኘው ምርት በመንገድ ላይ እንዳይቀር፣ ሥራው ከሳጥኑ ይጀመር።