ቅኔ ቤትና ማስተርስ ዲግሪ



በዚህ ዓመት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ትምህርት የምንጨርስ ተማሪዎች በየደረስንበት «ለመሆኑ ምን ልታጠና ነው?» ተብለን እንጠየቃለን። አብዛኞቹ ጓደኞቼ «ሕክምና» ወይም «ኢንጂነሪንግ» ወይም «ኮምፒውተር» ብለው ሲመልሱ ጠያቂው ደስ ብሎት «እግዜር ያሳካልህ» ይላል። እኔ ግን «በሃይማኖት ጥናት እስከ ማስተርስ ዲግሪ ድረስ መማር እፈልጋለሁ» ስል ምርቃቱ ይቀርና ምክር ይጀመራል። አንዱ «ቄስ ለመሆን ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርግልሃል?» ይላል። ሌላው «ሃይማኖት ይኖሩበታል እንጂ ይመረመራል ወይ?» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «እንጀራ የማይሆን ትምህርት ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እነዚህ ሦስት ተቃውሞዎች በቅን ልብ የተሰነዘሩ መሆናቸውን ስለማውቅ፣ በመጽሔታችን ላይ በአክብሮት መልስ ልሰጥባቸው ወድጃለሁ።

በመጀመሪያ፣ የሃይማኖት ጥናት ማለት ክህነት ለመቀበል የሚደረግ ዝግጅት ብቻ አይደለም። ነገሩ ሁለት በሮች አሉት። አንደኛው በር የየእምነቱ ኮሌጅ ሲሆን እዚያ አማኙ የራሱን ሃይማኖት ከውስጥ ሆኖ በጥልቀት ይማራል። ለምሳሌ ያህል አዲስ አበባ የሚገኘው ቅድስት ሥላሴ በ1935 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በትምህርት ቤትነት ተከፍቶ፣ በ1953 ዓ.ም. ወደ ኮሌጅ ደረጃ ከፍ አለ። በደርግ ዘመን ተዘግቶ ከቆየ በኋላ እንደገና ተከፍቶ እስከ ማስተርስ ዲግሪ ድረስ አስተምሯል። ሁለተኛው በር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ስለሚደነግግ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አንዱን እምነት አይሰብክም። ይሁን እንጂ የብራና መጻሕፍትን፣ የግእዝን ቋንቋ፣ የሃይማኖቶችን ታሪክና የሕዝቡን ሥርዓት እንደማንኛውም ዕውቀት ያጠናል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥንታውያን ጽሑፎችን የሚመረምረው የፊሎሎጂ ትምህርት ለዚህ ምሳሌ ነው። እንግዲህ በሃይማኖት ጥናት ማስተርስ የሚይዝ ሰው ካህንም ሊሆን ይችላል፤ መምህር፣ ተመራማሪ ወይም የቤተ መዛግብት ባለሙያም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ «ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል?» የሚለውን ጥያቄ በእኛ ሰዎች አፍ ስሰማው ይገርመኛል። የከተማችንን ስም እንኳ እንመልከት፤ ፍኖተ ሰላም ማለት በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። የጎጃም ምድር የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ምድር ነው። ደብረ ኤልያስን፣ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ወርቅን፣ መርጡለ ማርያምን የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የለም። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባታቸው በፊት በዚሁ በጎጃም ምድር ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ።

የቅኔ ቤት ትምህርት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እኛ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ አናስበውም። ልጁ ከፊደልና ከዳዊት ተነሥቶ ወደ ዜማ ቤት ይገባል፤ ከዚያም ቅኔ ቤት ይወርዳል። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የግእዝን ሰዋስው ከነአገባቡ አጥንቶ፣ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። ትናንት የተናገረውን ዛሬ ቢደግም አይመሰገንም፤ የሌላውን ቢወስድ ይታወቅበታል። ከዚያ በኋላ መጻሕፍት ቤት ገብቶ ብሉያቱን፣ ሐዲሳቱን፣ ሊቃውንቱንና መጻሕፍተ መነኮሳቱን ከነትርጓሜያቸው ይቀጽላል። ይህን ሁሉ አዳርሶ ለመጨረስ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ዲግሪ አራት ዓመት ያህል፣ ማስተርሱ ደግሞ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል። ተመራቂው አንድ አዲስ ነገር መርምሮ ጽፎ በመምህራን ፊት ቆሞ ይከራከርበታል። አዲስ ነገር አምጥቶ በመምህር ፊት መቆም ለቅኔ ተማሪ የየቀን ሥራው አይደለምን? ስለዚህ ማስተርስ ዲግሪ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነብን ስሙና ወረቀቱ ነው።

ውጭ አገር ያሉ ሊቃውንት ግን የእኛን ሀብት ከእኛ ቀድመው ማጥናት ጀመሩ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እዚህ በጎረቤታችን በሰከላ ግሽ ዓባይ መጥቶ የዓባይን ምንጭ አየ። ወደ አገሩ ሲመለስ ከኢትዮጵያ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይዞ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ ገባ። አውሮፓውያን ይህ መጽሐፍ ለብዙ ዘመን ጠፍቶባቸው ስለነበር እጅግ ተደነቁ። እ.ኤ.አ. በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ የተባለው ሊቅ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ጀርመናዊው አውግስጦስ ዲልማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1857 የግእዝ ሰዋስው፣ በ1865 ትልቅ የግእዝ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የሄኖክ መጽሐፍ ቁርጥራጮች በአራማይክ ቋንቋ ቢገኙም፣ መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው ዛሬም በግእዝ ብቻ ነው። ይህን በሚያህል ሀብት ላይ ተቀምጠን እኛ ግእዝ ለማንበብ የጀርመን መዝገበ ቃላት የምንለምን ከሆነ፣ አባቶቻችን «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ያሉት በእኛ ደረሰ ማለት ነው።

ደግነቱ ይህን ጥማት ያረኩ ኢትዮጵያውያንም አሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በካይሮ ነገረ መለኮት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1957 ከተመረቁ በኋላ፣ በ1962 በጀርመን አገር በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። በደርግ ዘመን መጀመሪያ በጥይት ቆስለው እግራቸው ቢሽመደመድም፣ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ተቀምጠው በማይክሮፊልም የተነሡትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ሳለ እየመረመሩ በካታሎግ ሲያስመዘግቡ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2021 ዐረፉ። ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅም በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው መጽሐፈ ሄኖክን ከግእዝ ወደ እንግሊዝኛ በአዲስ መልክ ተርጕመው እ.ኤ.አ. በ1983 ለዓለም አቅርበዋል። ሁለቱም ያገራቸውን ቋንቋ ይዘው ሄደው በዓለም አደባባይ ተከበሩ እንጂ፣ ያገራቸውን ጥለው አልከበሩም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተቃውሞ ልመለስ። «ሃይማኖት ይኖሩበታል እንጂ አይመረመርም» የሚሉ አባቶችን አከብራለሁ፤ ፍርሃታቸውም ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን የመጻሕፍት ቤት መምህር አንዱን ጥቅስ ሲተረጕም «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ፣ ደግሞ «አንድም» ብሎ ሦስተኛ ፍቺ ሲያመጣ ምን እያደረገ ነው? እየመረመረ አይደለምን? በሰሙ ውስጥ ወርቁን መፈለግ ያስተማሩን እነዚሁ አባቶች ናቸው። ጥያቄ እምነትን የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ የትርጓሜ ጉባኤ ገና ድሮ በተዘጋ ነበር።

ከዚህም ጋር ጥናቱ ጎረቤትን ለማወቅ ይረዳል። በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ከሙስሊም ጓደኞቻችን ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጠን እንማራለን፤ በዓል ሲሆን እንጠያየቃለን፤ ስለ ሃይማኖታቸው ግን የምናውቀው ከጾማቸውና ከበዓላቸው አያልፍም። በወሎ እንደ ዳናና እንደ ጌታ ያሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች ደረሶቻቸውን እንደ እኛ ቅኔ ቤቶች በልመናና በትዕግሥት ሲያሳድጉ ኖረዋል። ቅዱስ ቁርኣን በ1961 ዓ.ም. በአማርኛ ተተርጕሞ ታትሟል። በአሉባልታ ከመተማማት ተማምሮ መተዋወቅ ይሻላል። በሃይማኖት ስም ጠብ በሚነሣበት ዘመን ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ የተማረ ሽማግሌ ዋጋው እንደ ሐኪም ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የእንጀራ ነገር ነው። ይህን አላቃልለውም። ወላጆቻችን በቆሎና በርበሬ ሸጠው ነው የሚያስተምሩን፤ ልጃቸው ተመርቆ ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ አይፈልጉም። በዚህ ትምህርት ባለጠጋ እሆናለሁ ብዬ አልዋሽም። ሆኖም በሕክምናና በኢንጂነሪንግ የተመረቀው ሁሉ ወዲያው ሥራ ያገኛል የሚለው ሐሳብ ጊዜው አልፎበታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል፤ ትምህርቱን ሳይወድ የገባበትም በዚያ ፈተና ይለያል። በአንጻሩ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት መዝጋቢ፣ አንሺና ጠባቂ ይፈልጋሉ። ቤተ መዛግብት፣ ሙዚየም፣ ኮሌጅና ጋዜጣም ግእዝ የሚያነብ ሰው ይፈልጋሉ።

ከሦስቱ ተቃውሞዎች ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አጎቴ ዘጠኝ ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጦ አስነጋሪ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን በዘመናዊ መንገድ ለማስፋት ወደ አንድ ኮሌጅ ሄዶ ቢጠይቅ፣ «የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ካርድ አምጣ» ተባለ። ካርድ አልነበረውም። መወድስ ተናገር ቢሉት ኖሮ እዚያው ቆሞ ይናገር ነበር፤ ነገር ግን ማንም አልጠየቀውም። ዛሬ በሬ ጠምዶ ያርሳል። እርሻ ክቡር ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ ያን ያህል ዕውቀት አንድ ወረቀት በማጣቱ ከደጅ መመለሱ ያሳዝነኛል። በሌላ በኩል እኔ ካርዱ ይኖረኛል፤ የአጎቴ ቅኔ ግን የለኝም። እርሱ ዕውቀቱን ይዞ በር ተዘጋበት፤ እኔ ደግሞ በሩ ተከፍቶልኝ ባዶ እጄን ልገባ ነው። የትምህርታችን ጉድለት ይህ ነው።

ይህም ጉድለት እየሰፋ ይሄዳል ብዬ እሰጋለሁ። ደበሎ ለብሶ «ስለ ማርያም» እያለ ቁራሽ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ ቁጥሩ በመንደራችን ሲያንስ በዓይናችን አይተናል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ብዙ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እንደነበርም ሁላችን እናስታውሳለን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጽሐፉ በመደርደሪያ ይቆያል፤ የኔታ ሲያልፉ ግን በቃላቸው ያለው ሁሉ አብሮ ያልፋል። እኛ ማስተርስ እስክንደርስ ድረስ የምንጠይቃቸው መምህራን ካለቁ፣ ዲግሪያችን ጕድጓዱ ሲደርቅ እንደ ተገዛ ማድጋ ይሆናል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት የሚከተለው ቢደረግ መልካም ነው። በሃይማኖት ጥናት ለመቀጠል የምናስብ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ እስክንገባ ሳንጠብቅ፣ በክረምቱ ዕረፍት በቅርባችን ባለ ጉባኤ ቤት ተቀምጠን ግእዝ እንማር፤ የየኔታን ቃልም በእጅ ስልካችን እየቀዳን እናስቀምጥ። መምህራኖቻችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ እንዳለን ሁሉ የግእዝ ክበብ እንድናቋቁም ይርዱን። ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከአብነት ትምህርት ቤት የሚመጣውን ሰው ወረቀት ብቻ ከመጠየቅ ዕውቀቱን ፈትነው የሚቀበሉበትን መንገድ ያበጁ። ፈተናው ከባድ ይሁን፤ የቅኔ ተማሪ ከባድ ፈተና አይፈራም።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ልጃችሁ ሐኪም ልሁን ቢል መርቁት፤ አገራችን ሐኪም ያስፈልጋታል። ነገር ግን «የአባቶቼን መጽሐፍ አንብቤ፣ የጎረቤቴን እምነት አውቄ፣ እስከ ማስተርስ ዲግሪ ልማር» ቢላችሁም ምርቃቱን አትንፈጉት። ዲልማንን መዝገበ ቃላት በመጻፉ ያመሰገነ ሕዝብ የገዛ ልጁን በዚሁ ትምህርት ሊያፍርበት አይገባም። እኔ በበኩሌ የብሔራዊ ፈተናውን ከተቀመጥኩ በኋላ ክረምቱን ከየኔታ እግር ሥር ለመቀመጥ ቆርጫለሁ። ጉባኤ ቃናውን ሳልጀምር ስለ ማስተርሱ ብናገር ከአጎቴ ፊት መቆም አልችልምና።