የዘር ሐረጉን እንቆጥራለን፤ የቤተሰብ ሕመሙንስ?

በጨፋ ሸለቆ ጤነኛ የነበረ ሰው «ራሴን!» ብሎ ወድቆ ሲሞት «አጀሉ (የተወሰነለት የሞት ቀን) ደርሶ ነው» ይባላል። እንዲህ ካሉት ሞቶች አንዳንዶቹ ግን አኒዩሪዝም የሚባለው የአንጎል ደም ሥር እብጠት ፈንድቶ የሚያደርሳቸው ናቸው። የደም ሥሩ ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ ይሳሳና በደሙ ግፊት ይነፋል። በዓለም ላይ ከ100 አዋቂዎች 3 ያህሉ እብጠቱ አለባቸው፤ አብዛኞቹ ሳይፈነዳባቸው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ከፈነዳ ግን ብዙዎችን ይገድላል፣ ከተረፉትም ብዙዎቹን አካል ጉዳተኛ ያደርጋል። ይህ አደጋ በከፊል በዘር ስለሚወረስ፣ በዚሁ አካባቢ በከሚሴ ጤና ጣቢያዎች ስለ ቤተሰብ ሕመም መጠየቅና የደም ግፊት መለካት የዘወትር ሥራ ሊሆን ይገባል እላለሁ።

በኖርዲክ አገሮች በመንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት እብጠቱ ሲፈነዳ በአንጎል ዙሪያ ለሚፈስሰው ደም ከሚያጋልጠው አደጋ 41 በመቶ ያህሉን የዘር ድርሻ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሰፊ ጥናት ደግሞ ከ10,000 በላይ ታማሚዎችን መርምሮ ከአኒዩሪዝም ጋር የተያያዙ 17 የዘረመል ሥፍራዎችን ለየ። ይሁንና የተጠኑት የአውሮፓና የምሥራቅ እስያ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ስለሆኑ ግኝቱን እንዳለ ለወሎ ሰው ማዋል አይቻልም። የሚያስተምረን ግን ብዙ ነው፤ ማጨስና ደም ግፊት የአደጋው ዋና መንስኤዎች መሆናቸውን ዘረመሉም አረጋግጧል። ኤፒጄኔቲክስ ይህን ያጠናክረዋል። የዘረመሉ ጽሑፍ ሳይለወጥ ኑሯችን የሚያኖርበት ኬሚካላዊ ምልክት አንዱን ዘረመል ያነቃል፣ ሌላውን ያስተኛል። በአኒዩሪዝም ላይ ይህ ምርምር ገና ጅምር ቢሆንም፣ ሲጋራ የሚተዋቸው ምልክቶች ማጨስ ካቆሙ በኋላ በአብዛኛው እየደበዘዙ እንደሚሄዱ ታውቋል። በበርጫ ላይ ጫትና ሲጋራ ለሚያጣምሩ ወጣቶች ይህ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ጫትም የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋልና።

«የራስ ቅል መመርመሪያ መሣሪያ በሌለበት ማወቁ ፍርሃት ብቻ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። በርግጥ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ አገልግሎቱም አሁንም በአብዛኛው በዋና ከተማዋ ተወስኗል። ሆኖም ሕክምናው ሩቅ በሆነ ቁጥር የመከላከሉ ዋጋ ይጨምራል። ደም ግፊትን መለካትና ማከም በጤና ጣቢያ የሚቻል ሥራ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ በዚህ ሕመም የተያዘበት ሰው፣ በዘር የሚወረስ የኩላሊት ውሃ መቋጠር ያለበትም ጭምር፣ ወደ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ለምርመራ ሊላክ ይገባል። እንደ መብረቅ በድንገት የመጣ ብርቱ ራስ ምታት ፈጥኖ ሆስፒታል የሚያስኬድ መሆኑን ማወቅም ሕይወት ያድናል።

ሌላው ስጋት ወሬው የቤተሰብን ስም ያጠፋል፣ የሴት ልጅን ትዳር ያሰናክላል የሚል ነው፤ ስጋቱ የዋዛ አይደለም። በመሆኑም መረጃው በባለሙያ ምስጢር መያዝ አለበት። ከዚህም ሌላ በአብዛኞቹ ታማሚዎች ቤተሰብ ተመሳሳይ ሕመም የለም፤ ስለዚህ ይህ የአንድ ጎሣ ወይም ቤት ነውር አይደለም። በአጀል ማመንም ከመታከም አይከለክልም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ ማህደር አላቸው፤ «ከቤተሰባችሁ በድንገተኛ ራስ ምታት የሞተ አለ?» የሚል አንድ ጥያቄ መጨመር አዲስ ሕንፃም አዲስ በጀትም አይጠይቅም። ትውልድ ቆጥሮ ለሚጋባ ሕዝብ ይህን መጠየቅ የሚከብድ አይደለም። የአካባቢው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ጤና ኃላፊዎች ከዚህ ይጀምሩ።