የጓዳው ጭስ የሰማዩም ጉዳይ ነው

ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ ሲጓዝ የጀውሃን ከተማ የሚያቋርጥ መንገደኛ የከባድ መኪናውን ጭስ ያያል፤ የጓዳውን ግን አያይም። በዚሁ በይፋት ቆላ ገጠሮች እንጀራ የሚጋገረው በአብዛኛው በእንጨትና በማሽላ አገዳ ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ሥር ነበልባሉ በየጎኑ ያመልጣል፤ ጭሱ የጋጋሪዋን ዓይን ያስለቅሳል፣ ጀርባዋ ላይ ያዘለችውን ሕፃን ሳንባ ይጎዳል፣ ጣሪያውን ጥላሸት ያለብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ ጭስ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎችን ለሞት እንደዳረገ ይገምታል።

ያው ጥላሸት ወደ ሰማይ ሲወጣ የፀሐይን ብርሃን እየመጠጠ አየሩን ያሞቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲቆይ ጥላሸት ግን በቀናት፣ ቢበዛ በሳምንታት ከአየር ይወርዳል። ምንጩ ዛሬ ቢቀንስ እናትም አየሩም ሳይውሉ ሳያድሩ ይጠቀማሉ። ከመቆረጥ የሚተርፈው ግራርም ካርቦን ማመቁን ይቀጥላል።

በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ለተሻሻሉ ምድጃዎች ቅድሚያ ሰጥቶ ነበር። በሲሚንቶ የሚሠራው «ምርት» ምድጃ ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቆጥባል። ሆኖም የታደለው ምድጃ ቁጥር ብቻ ሪፖርት ሆኖ መቅረቡ አይበቃም። የአካባቢው ወረዳ ኃላፊዎች ምድጃው ከዓመት በኋላም እንጀራ እየተጋገረበት መሆኑን ቤት ለቤት ያረጋግጡ፤ የጀውሃ ወጣቶች ምድጃውን እዚያው እንዲያመርቱ ሥልጠናና ብድር ይመቻችላቸው፤ መብራት ባለበትም ለኤሌክትሪክ ምጣድ የሚበቃ አስተማማኝ ኃይል ይቅረብ።